ሃያ ስምንተኛው

ከደሴ ስነሣ፣ ጦሳ ጉም ደርቦ፣
በብብቴ ማኅደር በቀይ ክር ተከቦ፤
"ሂድና አግባባቸው፣ አንተን ይሰማሉ፣
ሃያ ዓመት ጽፈሃል እሳቸው ሲያስችሉ"
ብለው ነው የላኩኝ።
ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣
የማግባቢያ ቃሌን ስጥል፣ ደግሞ ሳነሣ፣
መርሳ ላይ ስወርድ ግን፣ ስሟ ነው መሰለኝ፣
ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋብኝ።

ዳኛ አሊጋዝ ይመር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በችሎት ወንበር፣
ዛሬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው
ከብርቱካኑ መሐል፣ ጭቃው ውስጥ ቆመው
ቦይ ይጠርጋሉ።
መነጽራቸው ያው ነው፣ አንድ ጆሮው በክር
የታሰረ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።
"ተናገር" አሉኝ ቀና እንኳን ሳይሉ፣
"ውሃው እስከ ዘጠኝ ነው የኔ ተራ፣
ከዚያ ወዲያ የሐዋ ነው፤ እሷን ነው የምፈራ።"

ተናገርሁ፦ "ኮምቦልቻ ላይ ጉባኤ ቆሟል፤
'የደኅንነት ማጣሪያ አላለፍክም' የተባለ
እዚያ ይግባኝ ይላል።
አንድ የራዲዮ ጠጋኝ፣ ሙሄ የሚባል፣
ከአየር ማረፊያው በር ካርዱን ተነጥቋል፤
አንዲት ዕቃ መዛኝ፣ የወረባቦ ልጅ፣
ስድስት ወር ተመላለሰች ወረቀት በእጅ፤
ሃያ ሰባት ናቸው። ደብዳቤያቸው አንድ መስመር፦
'አልታመኑም' ይላል። ሌላ የለው ነገር።
ለምን? ቢሉ፣ ምስጢር። ማን አለ? ቢሉም፣ ምስጢር።
ሰብሳቢ ቸግሮናል፣ አገር የሚያምነው፤
ጡረታዎን እናውቃለን፤ ግን ስምዎ ንጹሕ ነው።"

አካፋቸውን ተከሉ።
"የፈለጋችሁት ስሜን ነው ወይስ ጆሮዬን?
ስሜን ከሆነ ማኅተም አስቀርጹበት፤ ተዉኝ እኔን።
አባጋር ስታይ አድገሃል፤ ደም የሚያደርቀው
ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው።
እናንተ ግን ከሳሹን ከመጋረጃ ጀርባ፣
ተከሳሹን ከዝናብ፣ ከደጅ፤ እኔ ልግባ?
ገብቼስ በታሸገ ፖስታ ልፍረድ?
እንደ አስማረ?"

ጸጥ አልሁ። አስማረን ማን ይረሳል?
የስልክ ቤቱ አስማረ፣ በአንድ ፖስታ የተነቀለ፣
"ዳኛው ሳይከፍቱ ፈረሙ" እየተባለ።
"ፈርሜያለሁ" አሉ። "ሰሙን ያቀለጥኸው አንተ፣
ማኅተሙን የጫንሁት እኔ። ሰሙን እንጂ
ወርቁን ሁለታችንም አላየን።"
ውሃው ቦዩን ዘሎ ጫማዬ ውስጥ ገባ፤
አልተንቀሳቀስሁም።

የቀረችውን አፍሬ አወጣኋት፦ ቅጽ።
"ሰብሳቢውም ራሱ መጣራት አለበት" አልሁ፣
ዓይኔ መሬት መሬት።
ሳቁ። ሃያ ዓመት ስጽፍላቸው ጥርሳቸውን
አይቼ አላውቅም፤ ሳቁ፣ ወፎቹ እስኪበሩ።
ከዚያ በጭቃ እጃቸው ገጽ በገጽ አገላበጡ፣
አራተኛው ላይ ሲደርሱ ከአካፋው ጎን ተቀመጡ፦
"ወንድም ወይም እኅት፤ አሁን ያሉበት።"
ታናሻቸው ይማም፣ በሰባ ሰባት፣
በድርቁ፣ በሬ ሊሸጥ ወደ ባቲ ወርዶ
እንደ ወረደ ነው።
ብዕሬን ተቀብለው አንድ ቃል ጻፉ፦ "አላውቅም።"

"ይኼ ቃል ይጥለኛል" አሉ፣ "እኔ ግን አልዋሽም።
ካለፍሁ እመጣለሁ፤ ፖስታው ሁሉ ይከፈታል፣
ባለቤቱ ፊት ይነበባል።
ከወደቅሁም እመጣለሁ፤
ከሙሄ ኋላ፣ ከልጅቱ ኋላ፣
ሃያ ስምንተኛ ሆኜ በራችሁ ላይ እቆማለሁ።"

"አያ አሊጋዝ! ዘጠኝ ሆነ!" ሐዋ ጮኸች ከታች።
ዳኛው ቦዩን ዘጉ። ውሃው ወደ ማሳዋ ዞረ፣
ጠብታ ሳይቀር።

ማታ፣ ውርጌሳ ላይ፣ መብራት በሌለው ሚኒባስ፣
ቅጹን ከፖስታው ከተትሁ። አውራ ጣታቸው
ከፊርማው ጎን በጭቃ ታትሟል፣ ገና ሳይደርቅ።
ሙጫውን ልልስ አፌን ከፈትሁና ተውሁት፤
ክፍቱን ይዤው ገባሁ፣ ደሴ ድረስ።