አንድ ሊትር ባሕር

ዋበሪ ከጅቡቲ መጣ፣ በቅዳሜው ባቡር፤
የዓሣ በረዶ ሣጥን ይዞ። ፍተሻው ላይ «ምንድን ነው ይሄ ጥቁር?»
«ጭቃ ነው፣ ከታጁራ፣ የባሕር ወለል ጭቃ።»
ሳቁበት፦ «ደቻቱ በየክረምቱ የሚያመጣብን አልበቃ?»

ቤተ ሙከራችን ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት ወደ ሳቢያን፣
አንድ ማቀዝቀዣ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያስጨንቀን።
እኔ ፈትያ ነኝ፤ ሥራዬ ማየት ነው፣ ያየሁትን መጻፍ፣
ሳህን ማጠብ፣ ሳህን መቀቀል፣ ከዚያ ደግሞ አለማረፍ።

ሳህኑ ላይ የሚረጋው ዝልግልግ ከባሕር ሣር ይወጣል፤
ስሙን «አጋር» ያለው ማነው? ቋንቋችንን የሚያውቅ ይመስላል፤
ለብቸኛ ነፍስ ጀርባ ሆኖ ዝም ብሎ ይሸከማል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዳቸውም አልበቀሉ፤
«ይደፋ» አሉ ዶክተር ኢብሳ፣ «በመንገድ ሞተው ይሆናል» አሉ።
ሰውስ ባልለመደው ውሃ ሆዱ ይታወክ የለ?
ከፊራ ወረድኩ፤ ጥሬ ጨው ገዛሁ፣ አዮዲን ያልተቀላቀለ።
በተጣራ ውሃ በጠበጥኩት፣ ሠላሳ አምስት ግራም፤
አንድ ሊትር ባሕር ሠራሁ፣ ማዕበል የሌለው፣ ዓሣም።
በአራተኛው ቀን ሳህኑ ነጠብጣብ አወጣ፤
ነጭ፣ የዕርድ ቢጫ፣ አንዱም እንደ ዝገት ቀይ ሆኖ መጣ።

በሆስፒታሉ፣ አልጋ ሰባት፣ አቶ ሮብሌ ተኝተዋል፤
የድሮው ሸመንደፈር ሰው፣ በቀይ ፋኖስ ባቡር ሲያስቆሙ ኖረዋል።
ሚስማር የወጋው ተረከዝ፣ ቁስሉ አልድን ብሎ ሰንብቶ፣
መርፌው ተቀየረ፣ ክኒኑ ተቀየረ፣ ሁሉም ገብቶ፣ ሁሉም ወጥቶ፤
ተህዋሱ ግን መድኃኒቱን እንደ ቁርስ ለመደው፤
ከፋርማሲው መደርደሪያ አንድም የለም ያላዋረደው።

ከዚያ ቁስል በጥጥ ወስጄ ሳህን ሙሉ ዘራሁ፤
የባሕሮቹን አንድ በአንድ በላዩ ጣል አደረግሁ።
አሥራ ሰባቱ ምንም።
አሥራ ስምንተኛዋ ግን፣ ያቺ የዝገት ቀለም፣
ዙሪያዋን አጽድታ ብቻዋን ተቀምጣለች፤
ማስመሪያ አነሣሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠች።
ሃያ ሁለት ሚሊሜትር። እንደገና። ሃያ ሁለት።
መብራት ሄደ። በስልኬ ባትሪ አየሁ፤ እዚያው ናት።

ለዶክተር ኢብሳ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤
«ሳህን ሰው አይደለም፣ ፈትያ። በረኪናም ይገድላል» አሉ፣ ሳይስቁ።
«ምንነቱ ይለይ፤ ኩላሊት እንዳይጎዳ፣ ጉበት፤
አሥር ዓመት፤ ምናልባት አሥራ አምስት፤ ምናልባትም ከንቱ ልፋት።»

የአቶ ሮብሌ እግር አሥር ዓመት አልነበረውም።
ሐሙስ ዕለት ቆረጡት፣ ከጉልበት በታች። አላለቀሱም።

ፎቶዋን ይዤ ሄድኩ፤ ሳህኗ ከቤቷ አትወጣም።
ጠጋ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩ፣ ከንፈራቸው ሳይላወስ ለጊዜውም።
«ጅቡቲ ስሠራ ባሕሩን በየቀኑ አየው ነበር፣ ከለገሃሩ ሰገነት፤
ዘመኑ አለፈ» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ እግሬን ሳልነክርበት።»
ከዚያ ቀይዋን ነጥብ፣ ዙሪያዋን የጠራውን፣ በጥፍራቸው ነኩ፦
«ፋኖስ ናት። ቁም ትላለች።
ባቡር ግን ከባድ ነው፣ ልጄ፤ ቁም ስትይው ወዲያው አይቆምም።
ብዙ መንገድ ይሄዳል።»

ዛሬም ከፊራ ወረድኩ።
ሁለት ኪሎ ጨው።