አራተኛው ምስክር

ሰዓት ፈትቼ ነበር፤ ጥርሳጥርሱ ጠረጴዛዬን ሞልቶ፣
ባለሱቁ ሸምሱ ደጄ ላይ ቆመ መጥቶ፦
«ተነሥ፣ ሰው ጎደለን፤
ጸሐፊው አራት ምስክር ካልሞላ አልጽፍም አለን።»

በዶሮ ማነቂያ በጠባቧ መንገድ ጭቃ እየዘለልን፣
እትዬ ወርቅያንጥፉ ቤት አጎንብሰን ዘለቅን።
አልጋዋ ላይ ናት፣ በሦስት ትራስ ተደግፋ፤
አንድ ቃል ትላለች፣ ትስላለች፣ ትቀጥላለች አርፋ።

እዚያው ቆማለች ስንዱ፣ ዘጠኝ ዓመት ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፤
«ለምን ሰው ታደክማላችሁ? እኔ እፈርም የለ?» ስትላቸው ሰማኋት።
«አንቺ አትሆኚም፤ ውጪ» አለ ጸሐፊው፣ ቀና እንኳ ሳይል።
ወጣች። ነጠላዋ የበሩ ሚስማር ላይ ተይዞ ሲንጠለጠል
ተመልሳ አላነሣችውም።

ጸሐፊው ቢረሳው ይባላል (ስሙን ታዘቡልኝ)፤
ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ጻፍኩ አለኝ።
እትዬ «ቤቴን...» ስትል ብዕሩ ቆመ፤
«የቀበሌ ቤት አይናዘዙም» አለ፣ ደገመ።
«አርባ ሁለት ዓመት የከፈልኩትንስ ኪራይ?»
«እሱንም» አላት። ሳቀች፤ እንባዋን ጠረገች በሻሿ ጫፍ ላይ።

«እንግዲያው ሲንጀሬን፣ የባንክ ደብተሬን፣ ጉትቻዬን፣
ለስንዱ። ለወንድሜ ልጅ ለደምሰው፣ የተበደረኝን
ምሬዋለሁ፤ ሌላ አይጠብቅ።
ያቺን የግድግዳ ሰዓት...» ስትል፣ አልኩ ንቅንቅ፤
ሦስቴ ያለ ዋጋ ያደስኳት እኔ ነኝ።
«ያቺም ለስንዱ።» ቢረሳው በመነጽሩ አናት አየኝ፤
«ምስክር አይወርስም፣ ጋሼ» አለ። ያኔ ገባኝ።

ጽፎ ሲጨርስ፣ ከራስ እስከ ግርጌ ጮክ ብሎ አነበበ፤
«አራቱም ባሉበት ተነቦ» የምትል መስመር ከታች ደረበ፤
«ይቺ ከጎደለች» አለ፣ «ያ ሁሉ ሳል በከንቱ፤
በዚች በአንዲት መስመር ጉድለት ሲፈርስ አይቻለሁ ስንቱ።»

ፈረምን። እትዬም ስሟን ጻፈች፤ «ወርቅ» ላይ ደመቀ፣
«ያንጥፉ» ላይ ሲደርስ ቀለሙ ሳይሆን ጉልበቷ አለቀ።

ስወጣ ስንዱ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣለች፤
«ምን በደልኳት? ባዳ ነኝ እንዴ?» አለች።
አፋችሁን ዝጉ ተብለናል።
ነጠላዋን ከሚስማሩ አላቅቄ ሰጠኋት፤
«ያቺ ሰዓት ስትዘገይብሽ አምጪልኝ» አልኳት።
«ስትዘገይብኝ?» አለች፤ «የእትዬ እኮ ናት።»