አንቀጽ ሰባት

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ደረሰኝ ቆራጭ፣
ጫጫ ከገበያው ዳር፣ ቆርቆሮ ቤት ተቀማጭ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቲም አልጎደለም፤
(ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም።)

በጥቅምት ውርጭ ሌሊት፣ ገብሱ ባመዳይ ሲነጣ፣
ይታገሱ ነበር ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚወጣ።
ስሙ ይታገሱ፣ እግሩ የማይታገስ፤
ወደ ደብረ ብርሃን ተፈትልኮ፣ ፀሐይ ሳትወጣ የሚመለስ።
የአይሱዙ ሾፌሮች መብራት ዝቅ ያደርጉለታል፣
እሱም እጁን ያነሳል፤
ትንፋሹ እንደ ጉም ከፊቱ ይቀድማል።

አንድ ማክሰኞ መጣ፣ ቆመ ከደጃፌ፣
እኔ ወሩን ልዘጋ መዝገብ ላይ ተደፍቼ፣ ደምሬ፣ ጽፌ።
«ጋሼ ጥላዬ» አለኝ፣ «እዚህ ጋ ይወጋኛል፣
ዳገት ስይዝ ደግሞ ዓይኔን ያጨልመኛል።
አዲስ አበባ ሂድ፣ ልብህ ይታይ አሉኝ፤
ሦስት ሺህ ብር ነው፤ እድሩ ቢያበድረኝ።»

መተዳደሪያ ደንቡን ከመሳቢያ ሳብሁት፣
አንቀጽ ሰባትን በጣቴ አሳየሁት፦
እድሩ ለቀብር ነው፤
ለታመመ አይከፍልም፣ የሚከፍለው ለሞተ ነው።

አነበበው። ሳቀ።
«እንግዲያ ጋሼ፣ ስሞት እመጣለሁ» ብሎ በሩን ዘግቶ ራቀ።

መጣም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ አስፋልቱ ዳር ተኝቶ፣
በሰው ጋቢ ተሸፍኖ፣ አንድ እጁ ብቻ ወጥቶ፤
ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የሚያቆመው አጥቶ።
አርባ አንድ ደቂቃ። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት።
ማን ደፍሮ ይጫነው? ማን ይበለው በቃህ?
በመጨረሻ አንድ ሾፌር ጎንበስ ብሎ አጠፋው፣
ጣቱ እየተንቀጠቀጠ።

ደንብ ደንብ ነውና፣ በቀኑ ከፈልሁ፤
ስምንት ሺህ ብር ቆጥሬ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት ላክሁ።
የደረሰኙ ቁጥር ሁለት መቶ አራት፤
የኔ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው የኔ እፍረት።

ለአርባው ሲመከር፣ ጌሾው ሳይወቀጥ፣
እናቱ ወይዘሮ አሰገደች እንቢ አሉ መቀመጥ፦
«ጠላ አልጠምቅም። በግም አይታረድ።
ልቡን ያላየለት፣ ስለ እሱ አይብላ።
የምታዋጡትን ለሚሮጡት ልጆች ልብ ማያ ግዙበት።»
መምሬ ኃይለጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«ይህም ምጽዋት ነው» አሉ፣ ቆይተው።
እኔ የደንቡን ሽፋን ሳሻሽ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲያ ደጄ ሰው አላጣም።
ከአንጎለላ አንድ ሽማግሌ፣ ዳውላ ገብስ በአህያ፣
«ሽጠህ ጨምርበት» ብሎ አራግፎ፣ ስሙን ሳልይዝ ገባ ገበያ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሴቶች ከደብረ ብርሃን፣
የወር ትርፍ ሰዓት በመሐረብ ቋጥረው፣ «ይኸው፣ ይህ ነው ያለን።»
ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው ደምሰው
የዞኑን ሽልማት ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ አፈሰሰው፤
«እሱ ቢኖር ኖሮ፣ እኔ መቼ አገኘው?»
አንዲት ልጅ ሦስት ብር፣ ላብ ያረጠበው።
«ሩጫ የሥራ ፈት ነው» ሲሉ የኖሩት አቶ ሽብሩም
ሲመሽ መጡ፣ ተከናንበው፦
«አደራ፣ ስሜን እንዳትጽፈው።»
ጻፍሁት። ሒሳብ ነዋ፤ ብር ያለ ስም አይገባም።

የኔን ስንት ልበል?
ሦስት ሺህ ብዬ ጻፍሁ፣ መልሼ ሰረዝሁ።
ያ ማክሰኞ ዕለት ሦስት ሺህ የነበረ
ዛሬ ስንት ይሆናል? ማን ወለዱን ቆጠረ?
መስመሩን ባዶ ተውሁት። በየወሩ እከፍላለሁ፤
ጠቅላላውን አልደምርም።

መሣሪያው ጤና ጣቢያ ገባ፣ ከሬዲዮ ብዙም አይበልጥ።
መጀመሪያ የተኛች ፈትለወርቅ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣
ወረቀቱ እየተሳበ ወጣ ከጎኗ፤
የጣርማበር መንገድ ይመስላል፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ዳገት።
ነርሱ «ደህና ነሽ» አላት።
«ክፍያውስ?» ብላ ዞረች ወደኔ።
አንቀጽ ሰባት ተሰርዟል፤ በምትኩ የሚጻፈው ላይ ግን
ጉባኤው እስከ ዛሬ በቃላቱ ይጣላል።
«ሂጂ» አልኋት።

ጫማዋን አጥብቃ አስፋልቱን ያዘች።
በር ላይ ቆሜ፣
ድልድዩን አልፋ እስክትሰወር ድረስ
ቆጠርሁ።