ምልክት የሌለው ድንጋይ

ከጀልባው ጣቢያ ጀርባ፣ ፔናንግ ደሴት ላይ፣
አርባ ዓመት ቀረጽሁ የሟች ስም በድንጋይ።
አባቴ ሲያሠለጥነኝ ቃል ቆጥቦ ነበር፦
«እጅህ ይመን» አለኝ፣ «አፍህ አይከራከር።»

እንግዲህ እኔ ሃይማኖትን የማውቀው በመሮ ነው፤
እያንዳንዱ እምነት ለእጄ አንጓ የራሱ ሕመም አለው።
የሙስሊሙ ጽሑፍ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይፈሳል፣
መሃል ላይ ትንፋሽ ከወሰድሁ ጅረቱ ይበጠሳል።
የኛ የቻይኖቹ እንደ ዶፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።
ሂንዱው አመድ ሆኖ ባሕር ይገባል፤ ድንጋይ ምን ያደርግለታል?
ብቻ ልጁ አይችልም፤ በሳምንቱ መጥቶ
«ትንሽ ሰሌዳ» ይለኛል፣ ከኪሱ ፎቶ አውጥቶ።
የአይሁዶቹ መካነ መቃብር በሩ ከተዘጋ ቆየ፤
ድንጋዩ ላይ ጠጠር ያኖረው ማነው? ሲገባስ ማን አየ?

ከየት መጡ? እላለሁ፣ አቧራዬን አራግፌ ተቀምጬ፣
ከአንዱ ደጅ ወደ አንዱ ደጅ በሐሳቤ ሮጬ።
አንዱ ከዋሻ ወጣ፣ «አንብብ» የሚል ድምፅ እያንቀጠቀጠው፤
አንዱ ከዛፍ ሥር ተነሣ፣ ንጋት ዐይኑን እየገለጠው፤
አንዱ ባሕር ተከፍሎለት መጣ፣ ትከሻው ላይ የጡብ ጠባሳ፤
አንዱን ቸነከሩት፤ ሴቶች ነገሩን፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ።
የሂንዱውን ምንጭ ግን ፈልጌ አጣሁት፤
ወንዝ ነው፣ ስንቱ ተራራ እንዳዋጣበት።
የኔ ቤት ደግሞ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሷል፤
እናቴ ለአያቶች ብርቱካን ስታኖር፣ ለቡድሃም አንድ ይደርሰዋል።

አንዴ ተሳሳትሁ። የካቶሊኳን የፊሎሜናን ልደት
በዐሥር ዓመት አሳንሼ ቀረጽሁት።
ልጇ መጣ። እኔ ላብ አጥምቆኛል።
አየውና ሳቀ፦ «ተወው፤ እሷም የምትለው ይሄንኑ ነበር፤ እውነቱን አምላክ ያውቀዋል።»

ባለፈው ማክሰኞ ፑሽፓም መጣች፤
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በሬ ላይ ቆመች።
«ካንዲያ ሞተ» አለች፣ «የሂሳብ አስተማሪው።
መስቀል አትቅረጽበት፤ ጨረቃም፣ ሎተስም ይቅር፤ አይሆነው።»
«ታዲያ በምን ያምን ነበር?»
                    «በሰው።»
ሳቄ አመለጠኝ፦ «ሰውን ማመንማ ከቀበሩ በኋላ ነው!»
«ቀበርነው» አለች። «ይኸው፤ እንግዲህ እመነው።»

ዝም አልሁ። ሻይ ቀዳሁላት። ቆይቼ፦
«ይሄስ እምነት የት ተወለደ? ዋሻ የለው፣ ዛፍ የለው?»
«እንጃ፤ የካንዲያን ግን ልንገርህ፤ ጎርፍ ነው ያመጣው።
ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሰባት ልጆች ቀርተው፣
ሁላችን ጸለይን፣ በየቋንቋችን፤ ዝናቡን ማን ሊያቆመው!
እሱ ገመድ ፈለገ። ከሰማይ የወረደ አላየም፤
የወረደው የሱ እጅ ነው። ስድስቱን አወጣ። ሰባተኛው አልተገኘም።
ከዚያ ወዲህ ‹ለምን?› ሲሉት የመልሱን ቦታ ክፍት ይተዋል፤
‹ለግምት ነጥብ አልሰጥም› ይላል።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ባዶ ድንጋይ ግን ምሕረት የለውም፤
መስቀል ጭረት ይሸፍናል፣ የሎተስ ቅጠልም፤
የቁርኣኑ ሐረግ በውበቱ ስሕተቴን ይጋርዳል፤
ይሄኛው እጄ ያጎደለውን ሁሉ ይናገራል።
ሦስት ቀን ፈገፈግሁት፤ በአራተኛው ፊቴን አየሁበት።
ምልክት ይቅር ብላ ነበር፤ የተመልካቹ ፊት ወጣበት።

«ስምሽን ከስሙ ጎን ላኑረው? በኛ ልማድ በሕይወት ያለ ስም ቀይ ነው።»
«ይሄስ ከየትኛው ሃይማኖት ነው?»
«እንጃ። አባቴ ሲቀባ አየሁት እንጂ አልጠየቅሁትም።»
ጥቂት አሰበች። «ቅባው» አለች፤ «ቀይ አልጠላም።»

ቀለሙ ሳይደርቅ ዝናቡ ተመልሶ መጣ።
ሸራ ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጥሁ፤ ስወጣ፣
ጃንጥላዋ ለድንጋዩ ተዘርግቶ፣
እሷ ዶፉ ውስጥ ቆማለች፤ ሳሪዋ ውሃ ጠጥቶ።