ሁለተኛ ማርሽ

ሐረጎን ስወርድ፣ ጉም መንገዱን ውጦት፣
ደረቴን አንድ ነገር እንደ ወፍጮ ተጭኖት፣
«ጨጓራ ነው» አልኩኝ፤ ጨጓራን ማን ፈርቶ!
ግራ እጄ መሪው ላይ የሰው እጅ መስሎ ቀርቶ፣
ላቤ ግን የኔው ነበር፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ።
ረዳቴ እብሬ ዘሎ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣
ጎማው ክንድ ሲቀረው ከጠርዙ አስቀረው፤
ተሳፋሪው ገደሉን፣ ገደሉ ተሳፋሪውን ቆጠረው።

«ልበ ሙሉ» ይሉኝ ነበር፣ በኮምቦልቻ መናኸሪያ፣
ጉም ቢሆን ሌሊት ቢሆን የማላውቅ መቆሚያ።

ቤት ገባሁ፣ ወተት ጠጣሁ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ፣
«ይለቀኛል፣ ይለቀኛል» ለራሴ ብዬ ብዬ፤
ሰባት ሰዓት ሙሉ ያን ወተት አምኜ፣
ደሴ ሆስፒታል ስደርስ፣ እንደ አመድ ሆኜ፣
«አኝከው» አለች ነርሷ፣ አራት እንክብል ሰጥታ፤
አስፕሪን፣ ለራስ ምታት የማውቃት፣ ሌላ ሥራ አግኝታ።

ሽቦ ከደረቴ፤ ማሽኑ ወረቀት ተፋና፣
ያው ሐረጎ ተሥሎ፣ ዳገት ቁልቁል መጣና፣
ዶክተሯ አንዱ ዳገት ላይ ጣቷን አሳረፈች፤
«እዚህ ጋ መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም» አለች።
የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ አርፍዶ ገባ፤
የልቤ አንድ ዳር ግን ሞተ፣ ያለ ሙሾ፣ ያለ እንባ።

ከጎኔ ባለው አልጋ ጋሽ አደፍርስ ነበሩ፣
ወረኢሉ ላይ ሕመሙን እንደ እንግዳ
ሦስት ሌሊት ያሳደሩ።
የበግ ዋጋ ጠየቁኝ፣ ማታ፣ ሳል እያቋረጣቸው፤
ጠዋት ልጃቸው ወጣ፤ በፌስታል ነበር ጫማቸው።
እኔ ለምን እንደቀረሁ ዶክተሯን አልጠየቅኩም፤
አንሶላው ሲቀየር ዓይኔን አላነሣሁም።

«ልብህ ከመቶ አርባ ነው» አለችኝ ስትሸኘኝ፤
ልበ ሙሉው፣ አርባ! ሳቅም እንባም ያዘኝ።
«ጨው ተው፤ ሲጋራ ተው፤ ሐረጎን አትንዳ፤
ክኒኑን አታቋርጥ፣ ብትሄድም እንግዳ።»

እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ «ልብ ግዛ» ስትለኝ ኖራ፣
ይኸው ገዛሁ እማ፣ በየወሩ፣ በብር፣
ከፒያሳ ፋርማሲ ተራ።
አንዳንዴ ወረቀቴን አይተው «የለም» ይላሉ፤
ልብ የጠፋበት ወር ነው፤ መደርደሪያዎቹ አሉ።

ሰአዳ ሌሊት፣ የተኛች መስላ፣ ትንፋሼን ታዳምጣለች፤
ዝምታዬ ትንሽ ከረዘመ በክርኗ ትነካኛለች።

ዛሬ መሪው የእብሬ ነው፤ እኔ ጋቢና ነኝ፤
የቀጠሮ ቀኔ ነበር፤ ስንመለስ ያው ጉም ጠበቀኝ።
«ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤
ቀስ ብሎ የወረደን ገደል አይቆጥርም።»
ልቤም እንደዚያው ነው፤ ክኒኗ ማርሹን ዝቅ አድርጋ፣
ምቱን ቁልቁል ታወርደዋለች፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።

«ፈራህ እንዴ ጋሼ?» አለኝ፣ ሳቁን ደብቆ።
«አዎ» አልኩት።
ጉሙ መንገዱን እንደያዘ ነበር፣ አጥብቆ።