ቁጥሬን ይዤ ልሻገር

በአርባ ጀልባ ጎን ላይ፣ በቀይ ቀለም ተጽፌ፣
ይኸው አሥር ዓመቴ፣ ከማዕበል ላይ ተንሳፍፌ።
ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ከዘጌ እስከ ደቅ ብትጠይቁ፣
"ባለ ስልሳ ሁለቱ" ብለው ነው የሚያውቁ።
እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲያንቀው፣ ካንዴላው ሲደክም፣
ከጀልባው ጎን ቁጥር በቀር፣ የሚጠራ የለም።

ችግሩ መስመሩ ነው።
ጥሪው ይነሳና ከደሴቱ ማዶ፣
መንገድ ላይ ይሞታል፣ ለሁለት ተቀዶ።
"ሄሎ… ሞተሩ… ሄሎ…" ከዚያ ወዲያ ዝም፤
የት እንደቆሙ እንኳ አልነገሩኝም።
ባለፈው ጥር ወር ሙሽራ አሳደርኩ ውሃ ላይ፣
ከነሚዜዎቹ፣ ከነከበሮው፣ ጣራው ሰማይ።
ጥፋቱ የመስመሩ ነበር፤ ማን ሊያምነኝ?
አማቱ ዛሬም ድረስ ትገላምጠኛለች ስታገኘኝ።

"አዲሱ ኩባንያ ከደቅም ወዲያ ይሰማል" አሉኝ፤
"ቁጥርህንም ይዘህ ትሻገራለህ" ሲሉኝ፣
"አርባ ጀልባ እንደ አዲስ ከመቀባት ዳንኩ" ብዬ፣
ግራሶ የጠገበ እጄን በኦሞ አጥቤ፣ ገባሁ ተቻኩዬ።

ማስተዋል ትባላለች፣ ከመስታወቱ ኋላ ያለችው።
"ጥቅል ገዝተዋል መሰለኝ፤ የሁለት ዓመት ውል አለብዎ" አለችኝ።
ውል? አንድ ሌሊት ስልኬ "አንድን ይጫኑ" ሲለኝ
የተጫንኩት ነው ለካ።
"ዘጠኝ ወር ይቀረዋል፤ ለነባሩ ከከፈሉ ይለቀቃል።"
ዘጠኝ ወር! ልጅ ይወለድበታል።
ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳትን አሮጌ ሞተር ሸጬ፣
ዕዳውን ዘግቼ ተመለስኩ፣ ደረሰኝ ጨብጬ።

"አሁንማ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ይምጡና ይፈርሙ።"
"ባለቤቱ እኔ ነኝ።" "ይቅርታ፣ ሌላ ነው ስሙ።"

እንየው ጓንጉል።

ሁለት ሆነን ስንጀምር፣
አንድ ፒንሳ፣ አንድ መፍቻ፣ አንድ ስልክ ይዘን፣
ሲሙን ያወጣው እሱ ነበር፤
የኔ መታወቂያ ውሃ በልቶት ነበር ያን ሰሞን።
የተጣላነው በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው።
እሱ ሰጠሁህ፣ እኔ አልደረሰኝም።
ጎርጎራ ገባ፤ ሚስት አገባ አሉ፤ ወለደ አሉ።
ስምንት ዓመት።

ደወልኩለት። በምን? በዚያው ቁጥር፤ ሌላ የለኝ።
ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ሄሎ አላለኝ።
"የገዛ ቁጥሬ ሲደውልልኝ ሳይ" አለ፣ "የሞትኩ መሰለኝ።"
"አልሞትክም፤ ፊርማህን ፈልጌ ነው።"
"ሂሳቡስ?"
"ሂሳቡ አልቋል።"
"ማን ጋ?"
ዝም አልኩ።

በእሑድ ጀልባ መጣ። ሸብቷል።
ሰኞ ጠዋት አውራ ጣቱን ቢጫን፣ ቢጫን፣
አሻራው አልወጣ አለ፤
ብሎን በልቶታል፣ እንደ እኔው።
ማስተዋል በሶፍት ጠረገችለት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
በአራተኛው ያዘ።
"እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ" አለች፣
"ቁጥሩ የማንም አይሆንም።"

ወረድን ወደ ሐይቁ፤ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣
የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ እያላመጥን።
ስልኩ በመሃላችን፣ በጀርባው ተንጋሎ፣
"አገልግሎት የለም" ይላል፣ እንደ ሕፃን ጸጥ ብሎ።
ስለ ሂሳቡ አልተነሳም፤ ስለ ስምንት ዓመቱም፤
ስለ ካርቡሬተር አወራን፤ ስለ ዘይት ውድነቱም።
አንድ ፔሊካን ከፊታችን እንደ አሮጌ ጀልባ አለፈ፤
"ሞተር የለው፣ ቁጥር የለው!" አለና እንየው አረፈ።
ስድስት ከሩብ ላይ፣ ስልኩ ድንጋዩን ይዞ ተንዘፈዘፈ።

"ባለ ስልሳ ሁለቱ? ከደቅ ማዶ ነን፤ ቆመናል፤
እምቦጭ ነው መሰል…" ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።
ውሃው ከጀልባው ጎን ሲላተም፣ የሕፃን ሳል፣
አንዲት ሴት "እመቤቴ" ስትል፣ ሁሉም ይሰማል።

እንየውን አየሁት።
ቀድሞኝ ተነስቷል፣ ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ።
ስልኩን ሰጠሁት።
"አቤት" አለ በድሮ ድምፁ፣
"ባለ ስልሳ ሁለቱ ነኝ፤ መጣን።"