ያልቆመችው

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ እየደበደበ፣
መብራት ሁለቴ ሄዶ፣ ሁለቴ ተመልሶ፣ ጄኔሬተሩ እያጓራ፣
ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮስኮፑ ጋራ
ዓይኔን ተክዬ ቁጭ ብያለሁ፤
አንዲት ሕዋስ ልትከፈል ነው፤ እጠብቃለሁ።

መጀመሪያ ዕቃው ይታሰራል።
ተዘርግቶ የኖረው ክር ይጠቀለላል፣
እንደ ሰሌን፣ እንደ ምንጣፍ ይታጠፋል፤
የሚነበበው ገጽ ይከደናል፣ የሚገለብጠው እጁን ያነሳል፤
በራሂ ሁሉ አፉን ይዘጋል።

«በዚህን ጊዜ» ይል ነበር መምህራችን፣ የጠመኔ አቧራ ከእጁ እያራገፈ፣
«ይሄን ክፈት፣ ያን ዝጋ የሚሉት ፕሮቲኖች፣ የበራሂ አዛዦች፣
ቤቱን ጥለው ይወጣሉ። ደጃፍ ላይ የሚቀር የለም።»
በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩት።
ፈተና ላይ መጣ፤ ደፈንኩት።

እኔም ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፦
ሕዋሷን ፎርማሊን አጠጥተን፣ ባለችበት አድርቀን፣
ቀለም ቀብተን ስናያት
ክሮሞዞሞቹ ጠቁረው፣ ብቻቸውን፣
ብርሃኑ ከዳር ቆሞ፣ እንደ ለቀስተኛ ከቦ፣
ማንም አልነካቸውም።
አምስት ዓመት ያንኑ አየሁ። አምስት ዓመት ማልኩበት።

ዛሬ ግን ሕዋሷ በሕይወት አለች።
ሙአዝ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጨቅላ ሙቀቷን ሲለካ አድሮ፣
አንዱን ፕሮቲን አረንጓዴ ብርሃን አልብሶ፣
«ነይ እዪ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።
ክሮሞዞሞቹ መሃል ወገብ ላይ ተሰልፈዋል፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ለብሰዋል።
አልሄደም!
ይነካል፣ ይለቃል፤ ይነካል፣ ይለቃል፤
ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይነሳል፣
ዞሮ ደግሞ ይመለሳል።
ፎርማሊኑ ቀርፋፋ ነው። ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ
እሱ ለቅቋል፤ ተመልሶ እንዳይነካም መንገዱ ተዘጋ።
ያባረርነው እኛ ነን፤ «ሄደ» ያልነውም እኛ።

«ዳርሚቱ!» አልኩ።
ሙአዝ ዞሮ አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ሄርማታ ያለውን የአያቴን ቤት ሁለቱ አጎቶቼ የተካፈሉት ቀን፣
ሳጥኑ ተቆልፎ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ፣ በርጩማ በበርጩማ ላይ ተደራርቦ፣
ፎቶ አንሺው ኢዘዲን ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ተክሎ
«እስከ ሃያ ስቆጥር ማንም እንዳይነቃነቅ» አለ።
አባ ዱራ ቆመ። አባ ቦር ቆመ። ልጅ አዋቂው ደርቆ ቆመ።
ፎቶው ይኸው፤ ሁሉም አለ።
ዳርሚቱ የለችም።

«ድርሻ እንደሌላት ስታውቅ ጥላን ሄደች» አሉ፤
ምስክር ሲጠየቁ ፎቶውን ይመዛሉ።
እናቴ ብቻ፣ እስክትሞት ድረስ፣ «ነበረች» ትል ነበር፤
«የቱ ቁልፍ የቱን ሳጥን እንደሚከፍት ሌላ ማን ሊነግር?
ከዚህ ክፍል እዚያ፣ ከዚያ እዚህ፣ አንድ አፍታ መች ቆመች?»

በማግስቱ፣ ከአዌቱ ወዲህና ወዲያ፣ በሁለቱም አዲስ ቤት
ፋኖሱ ከበሩ በስተግራ ተሰቀለ፣ እንደ ጥንቱ፤
ማንም አላዘዘም።

(ሙአዝ እንደሚለው ይሄ ገና አልተረጋገጠም፤
የነካ ሁሉ ያስታውሳል ማለት አይደለም።
ልክ ነው። እኔም አልፈርምበትም።)

ጄኔሬተሩ ጠፋ።
ሕዋሷ ሁለት ሆና ይሆናል፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሳናያት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ከአልበሙ አወጣሁት።
ከበሩ አጠገብ፣ በሁለቱ አጎቶቼ መሃል
ጉም የመሰለ ነጭ ነገር አለ፤
የጅማ እርጥበት ነው፣ ሻጋታ ነው እንል ነበር።
በጨርቅ ልጠርገው ስንቴ ሞክሬያለሁ።